የወር አበባ ከቀረ ቀን እስከ 13ኛው ሳምንት፦ ለሀዋሳ ነፍሰ ጡሮች

«የወር አበባዬ ቀርቷል፤ አሁኑኑ ልመርመር ወይስ ሆዴ ገፋ እስኪል ልጠብቅ?» ከሀይቅ ዳርም ከሃዌላ ቱላም የሚመጡ እናቶች ደጋግመው የሚጠይቁን ይህንን ነው። መልሱ፦ አትጠብቂ። ሆድሽ ለሰው መታየት ሲጀምር የፅንሱ አንጎል፣ አከርካሪ፣ ልብ፣ እጅና እግር ቅርጻቸውን ይዘዋል። ፎሊክ አሲድ ይበልጥ የሚጠቅመው፣ ጎጂ መድኃኒት ይበልጥ የሚጎዳው፣ የእርግዝናውን ዕድሜ በትክክል መለካት የሚቻለውም ከዚያ በፊት ባሉት ሳምንታት ነው።

ደረጃዎቹን በቅደም ተከተል ተከተያቸው። ማቅለሽለሽ ከብዶሽ ከሆነ ግን በቀጥታ ወደ 7ኛው እለፊ። ደም ካየሽ ወይም ሆድሽን አጥብቆ ካመመሽ ደግሞ መጀመሪያ «ዛሬውኑ መሄድ ያለብሽ መቼ ነው?» የሚለውን ክፍል አንብቢ።

ቀድመሽ የምታዘጋጂው

- የእርግዝና መመርመሪያ ስትሪፕ፣ 2 (ሁለተኛው ለድጋሚ ምርመራ)
- ንጹሕና ደረቅ ኩባያ
- የኢትዮጵያ ቀን መቁጠሪያና ትንሽ ማስታወሻ ደብተር
- ፎሊክ አሲድ፣ 400 ማይክሮ ግራም (ማሸጊያው ላይ 0.4 ሚሊ ግራም ተብሎም ይጻፋል)
- የምትወስጃቸው መድኃኒቶች በሙሉ፣ ከነማሸጊያቸው
- የቀድሞ እርግዝና፣ የኦፕሬሽን ወይም የሌላ ሕመም ወረቀት ካለ
- አጎበር
- የንጽሕና መጠበቂያ (ሞዴስ)፤ ደም ቢታይ መጠኑን ለማወቅ

1. በሽንት መርምሪ

የወር አበባሽ መምጣት የነበረበት ቀን ካለፈ በኋላ ጠዋት ስትነሺ የመጀመሪያውን ሽንት በኩባያው ያዢ። ሌሊቱን ሲጠራቀም ያደረ ሽንት ውስጥ የእርግዝናው ሆርሞን በርከት ብሎ ይገኛል፤ ቀን ብዙ ውኃ ጠጥተሽ የምትሸኚው ግን ቀጭን ስለሆነ ስትሪፑ ሊያልፈው ይችላል። ስትሪፑን ቀስቱ ወደ ታች እንዳመለከተ ከ5 እስከ 10 ሰከንድ ንከሪው፤ ከተሰመረበት የገደብ መስመር በላይ እንዳይጠልቅ። ደረቅ ቦታ አጋድመሽ አስቀምጪና በ5ኛው ደቂቃ አንብቢ። የማሸጊያው መመሪያ ሌላ ሰዓት ከሰጠ እሱን ተከተይ።

ሁለት መስመር ከታየ አርግዘሻል፤ ሁለተኛው ፈዛዛ ቢሆንም ያው ነው። አንድ መስመር ብቻ ከታየና የወር አበባው አሁንም ካልመጣ ከ3 እስከ 7 ቀን ቆይተሽ ድገሚ። የመቆጣጠሪያው መስመር (ስትሪፑ መሥራቱን የሚያሳየው) ጭራሽ ካልወጣ ስትሪፑ ተበላሽቷል፤ ጣይው። ከ10 ደቂቃ በኋላ የሚወጣ ጥላ መሳይ መስመር ሽንቱ ሲደርቅ የሚፈጠር ሊሆን ስለሚችል አይታመንም። ከቆሻሻ ቅርጫት መልሶ አውጥቶ ማየት ብዙ ሰው ያሳስታል።

2. ቀኑን ቁጠሪ

እርግዝና የሚቆጠረው ግንኙነት ካደረግሽበት ቀን ሳይሆን የመጨረሻው የወር አበባሽ ደም መፍሰስ ከጀመረበት ቀን ነው። ስለዚህ የወር አበባሽ በቀረበት ቀን የ4 ሳምንት ነፍሰ ጡር ነሽ ማለት ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የሚባሉትም በዚህ ቆጠራ 13ኛው ሳምንት ሲያበቃ ያልቃሉ።

የመውለጃው ቀን 280 ቀን ሲሞላ ነው። የእኛ ወር ሁሉ 30 ቀን ስለሆነ ስሌቱ ቀላል ነው፦

- መሐል ላይ ጳጉሜን ከሌለች 9 ወር ከ10 ቀን ጨምሪ። ጥቅምት 12 ቀን 2018 የጀመረ የወር አበባ መውለጃው ሐምሌ 22 ቀን 2018 ነው።
- ጳጉሜን ካለፈች 9 ወር ከ5 ቀን ጨምሪ። ጥር 20 ቀን 2018 ከሆነ ጥቅምት 25 ቀን 2019 ይሆናል።
- በዘመነ ሉቃስ ጳጉሜን 6 ስለምትሆን 9 ወር ከ4 ቀን ነው የሚጨመረው። 2019 ዘመነ ሉቃስ ነው።

12 ሳምንት መቼ እንደሚሞላሽ ለማወቅ 2 ወር ከ24 ቀን ጨምሪ። ከላይ ባለው የጥቅምት 12 ምሳሌ ጥር 6 ላይ ይሞላል። ይህን ቀን ደብተሩ ላይ አስምሪበት፤ ወደ ጤና ጣቢያ ሳትሄጂ እንዳያልፍሽ።

በስልክ አፕ የምታሰይ ከሆነ ቀኑን መጀመሪያ ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ቀይሪው። ጥር 5ን ጃንዋሪ 5 ብሎ ማስገባት የተለመደ ስህተት ነው፤ የስምንት ቀን ልዩነት ያመጣል።

የሦስት ወር መርፌ (ዴፖ) ላይ የነበርሽ፣ የምታጠቢና የወር አበባሽ ገና ያልተመለሰ፣ ወይም ቀኑ የሚዛባብሽ ከሆነ ይህ ስሌት አይሠራልሽም። በግምት ቀን አትስጪ፤ «አላውቀውም» በይ። ያኔ ዕድሜው በአልትራሳውንድ ይለካል። የተሳሳተ ቀን ከተመዘገበ በመጨረሻዎቹ ወራት «ጊዜው አልፏል» ወይም «ልጁ አላደገም» የሚል የተሳሳተ ውሳኔ ሊያስከትል ይችላል።

3. ፎሊክ አሲድ ዛሬውኑ ጀምሪ

በቀን አንድ ጊዜ 400 ማይክሮ ግራም፣ ቢያንስ እስከ 12ኛው ሳምንት። የፅንሱ አከርካሪና አንጎል የሚወጣበት ቱቦ የሚዘጋው በ6ኛው ሳምንት አካባቢ፣ ማለትም የወር አበባ ከቀረ ሁለት ሳምንት ገደማ ሲሆነው ነው። ሳይዘጋ ከቀረ ልጁ የአከርካሪ ክፍተት ይዞ ይወለዳል። ለዚህ ነው ክትትል የምትጀምሪበትን ቀን ሳትጠብቂ ከፋርማሲ ገዝተሽ የምትጀምሪው። እንዲያውም ለማርገዝ ካሰብሽበት ጊዜ ጀምሮ መውሰድ ነበር የሚበጀው፤ ዘግይተሽም ቢሆን ጀምሪ።

ስትገዢ ቁጥሩን እይ። 5 ሚሊ ግራም የሚል ኪኒንም ይሸጣል፤ እሱ ቀደም ሲል የአከርካሪ ክፍተት ያለበት ልጅ ለወለደች፣ የስኳር ሕመም ላለባት ወይም የሚጥል በሽታ መድኃኒት ለምትወስድ እናት ሐኪም የሚያዘው ነው። ከእነዚህ አንዷ ከሆንሽ 5 ሚሊ ግራሙን በራስሽ አትጀምሪ፤ በዚያው ሳምንት ሐኪም ጋ ሂጂ።

ጤና ጣቢያ የሚሰጥሽ ኪኒን ብዙውን ጊዜ ብረትና ፎሊክ አሲድ አንድ ላይ የያዘ ነው (60 ሚሊ ግራም ብረትና 400 ማይክሮ ግራም ፎሊክ አሲድ)። እሱን ከጀመርሽ ሌላ ፎሊክ አሲድ መደረብ አያስፈልግሽም። ሰገራሽ ይጠቁራል፤ አትደንግጪ፣ ብረቱ ነው።

4. ካርድ አውጪ

ከ8ኛው እስከ 10ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ፣ ቢዘገይ ከ12ኛው ሳምንት በፊት በአቅራቢያሽ ወዳለው ጤና ጣቢያ ሂጂ። የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ እርግዝና 8 የክትትል ጊዜ እንዲኖር ይመክራል፤ የመጀመሪያው በ12 ሳምንት ውስጥ ነው። በመንግሥት ጤና ጣቢያ የእርግዝና ክትትል በነፃ ነው።

ብዙዎች በቀጥታ ወደ ሪፈራል ወይም ወደ አዳሬ ሆስፒታል ካልሄድን ይላሉ። ሌላ ችግር ከሌለብሽ ጤና ጣቢያው ይሻልሻል፤ ቅርብ ነው፣ ሰልፉም ይቀላል፣ አስፈላጊ ሲሆን እዚያው ሪፈር ይጽፉልሻል። ከዚህ ቀደም በኦፕሬሽን የወለድሽ፣ ደጋግሞ ፅንስ የተቋረጠብሽ፣ ደም ግፊት፣ ስኳር፣ የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለብሽ ከሆነ ግን ይህን በመጀመሪያው ቀን ተናገሪ፤ ክትትልሽ ከጅምሩ ሆስፒታል ሊሆን ይችላል።

አዋላጅዋ ደም ግፊትሽን፣ ክብደትሽን፣ ቁመትሽንና የክንድሽን ዙሪያ ትለካለች። ክንድሽ ከ23 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ የምግብ እጥረት ምልክት ስለሆነ ምክርና ድጋፍ ያስፈልግሻል። የአሁኑ የደም ግፊት ቁጥር ሌላም ጥቅም አለው፤ ከ20ኛው ሳምንት በኋላ ግፊት ቢጨምር የሚነጻጸረው ከእሱ ጋር ነው። ቁጥሩን ራስሽም ጻፊው።

ከዚህ በፊት ስላስወረድሽው ወይም ስለተቋረጠብሽ ፅንስ ስትጠየቂ እውነቱን ተናገሪ። ባልሽ ወይም እናትሽ አጠገብሽ ስላሉ መናገር ከከበደሽ «ለብቻችን እናውራ» በያት። ያልተነገረ ታሪክ ላይ ተመሥርቶ የሚሰጥ ምክር የሌላ ሰው ምክር ነው።

የቴታነስ መከላከያ ክትባትም (ቲዲ) እዚሁ ይጀመራል፤ ሁለተኛው ቢያንስ ከ4 ሳምንት በኋላ ነው። የድሮ የክትባት ካርድ ካለሽ ይዘሽ ሂጂ።

5. የደምና የሽንት ምርመራውን አሟይ

አንዱም እንዳይዘለል፤ ዝርዝሩን ከፊትሽ ይዘሽ «ይሄስ ታይቷል?» ብለሽ ጠይቂ።

- ሄሞግሎቢን፦ የደም ማነስን ያሳያል። ከ11 በታች ከሆነ ሕክምና ይጀመራል።
- የደም ዓይነትና አርኤች፦ አንቺ ኔጌቲቭ፣ ባልሽ ፖዘቲቭ ከሆነ ሾተላይ ሊያሰጋ ይችላል። ሾተላይን የሚከላከለው መርፌ (አንቲ ዲ) ውድ ስለሆነና ሁልጊዜም በቀላሉ ስለማይገኝ ገና ከአሁኑ ማወቅሽ ለመዘጋጀት ጊዜ ይሰጥሻል።
- ኤችአይቪ፦ ቫይረሱ ከተገኘ መድኃኒቱ ቶሎ ሲጀመር ወደ ልጁ የመተላለፍ ዕድሉ በጣም ይቀንሳል። ባልሽም አብሮ ይመርመር።
- ቂጥኝ፦ በፔኒሲሊን መርፌ ይድናል፤ ካልታከመ ፅንሱን ሊገድል ይችላል።
- የጉበት ቫይረስ ቢ፦ ከተገኘ ልጁ እንደተወለደ እንዲከተብ ይዘጋጃል።
- ሽንት፦ ፕሮቲን፣ ስኳርና ኢንፌክሽን ይታይበታል። የሽንት ኢንፌክሽን በእርግዝና ጊዜ ምልክት ሳያሳይ ወደ ኩላሊት ሊወጣ ይችላል።

የሆድ ትላትል መድኃኒት ቢያስፈልግሽ በእነዚህ ሦስት ወራት ውስጥ አትውሰጂ፤ የሚሰጠው ከዚያ በኋላ ነው።

6. አልትራሳውንድ መቼ?

የወር አበባ በቀረ በሳምንቱ ሮጦ መሄድ ገንዘብ ከማውጣት ሌላ ጭንቀት ነው ትርፉ። በ5ኛው ሳምንት ቢበዛ ፅንሱ የሚያድግበት ከረጢት ብቻ ይታያል፤ የልብ ምት የሚታየው ከ6ኛው እስከ 7ኛው ሳምንት ጀምሮ ነው፣ በሆድ ላይ በሚደረግ ምርመራ ደግሞ ትንሽ ይዘገያል። «ልብ የለውም» ተብለው እያለቀሱ የሚመለሱ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሲደገም ግን ደህና የሆኑ ብዙ ናቸው።

ሕመም ወይም ደም ከሌለ ከ8ኛው እስከ 13ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ሂጂ። በዚህ ጊዜ ፅንሱ ከራስ እስከ መቀመጫ ተለክቶ የሚገኘው ዕድሜ ልዩነቱ ከሳምንት አይበልጥም፤ እየገፋ ሲሄድ ልኬቱ ይሳሳታል። መንታ መሆኑና እርግዝናው ማህፀን ውስጥ መቀመጡም ይረጋገጣል። ከመግባትሽ አንድ ሰዓት ቀደም ብለሽ 3 ወይም 4 ብርጭቆ ውኃ ጠጪና ሳትሸኚ ግቢ፤ የሞላ ፊኛ ማህፀኑን ገፍቶ ለዕይታ ያመቸዋል። ጾታውን አሁን አትጠይቂ፤ ገና በደንብ አይለይም።

7. ማቅለሽለሹን ያዢው

አብዛኛውን ጊዜ በ6ኛው ሳምንት ይጀምራል፣ በ9ኛው አካባቢ ይብሳል፣ ከ12ኛው እስከ 16ኛው ባለው ይቀላል። የጠዋት ብቻ አይደለም፤ ማታም ይመጣል። የሚያባብሱት ባዶ ሆድና ሽታ ናቸው፤ ስለዚህ ሁለቱን ነው የምትቆጣጠሪው።

ማታ አልጋሽ አጠገብ ቆሎ ወይም ደረቅ ዳቦ አስቀምጪ። ጠዋት ቀና ሳትዪ ጥቂት ቅመሺና ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ጋደም ብለሽ ቆይተሽ ተነሺ። ቀኑን በሙሉ በየሁለት ሰዓቱ ገደማ ትንሽ ትንሽ ብዪ። ውኃውን ከምግብ ጋር ሳይሆን በምግቦች መካከል ፉት እያልሽ ጠጪ፤ ሆድ ሲሞላ ትውከት ይመጣል። የአውራ ጣት ጫፍ የምታህል ዝንጅብል ከትፈሽ በአንድ ኩባያ ውኃ አፍልተሽ በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ መጠጣት ብዙዎችን ይረዳል።

ቁሌት ዋናው ጠላት ነው። ሽንኩርት ሲቁላላ ከቤት ውጪ፤ ማብሰሉን ሌላ ሰው ቢይዝልሽ ጥሩ፣ ካልሆነ መስኮትና በር ከፍተሽ አብስይ። በርዶ የቀረበ ምግብ ከትኩሱ ያነሰ ሽታ አለው። የብረት ኪኒኑ ካባባሰብሽ ማታ ከእራት በኋላ ውሰጂው፤ እንዲያም ሆኖ ካልሆነልሽ እስኪቀል ድረስ ፎሊክ አሲድ ብቻ መውሰድ ይቻል እንደሆነ አዋላጅዋን ጠይቂ። በራስሽ አቋርጠሽ ዝም አትበይ።

ካስታወክሽ በኋላ ወዲያው ጥርስሽን አትፋቂ፤ የጨጓራ አሲድ ያለሰለሰውን የጥርስ ሽፋን መፋቁ ይልጠዋል። በውኃ ተጉመጥመጪና ግማሽ ሰዓት ቆዪ።

በዚሁ ጊዜ ጡት ይጠጥራል፣ ያማል፤ እንቅልፍ ይጫናል፤ ሽንት ቶሎ ቶሎ ይመጣል፤ ምራቅ ይበዛል፤ ሆድ ይደርቃል፤ ነጭ ሽታ የሌለው ፈሳሽ ይኖራል። እነዚህ የሚጠበቁ ናቸው። ሽንት ሲያቃጥል ወይም ፈሳሹ ሲሸት ግን ኢንፌክሽን ነውና ታዪ። አፈር፣ ከሰል ወይም ኖራ ካማረሽ ይህ ብዙ ጊዜ ከብረት እጥረት ጋር ይያያዛል፤ ሳታፍሪ ተናገሪ።

8. ምግብና መጠጥ

ለሁለት መብላት አያስፈልግሽም፤ በእነዚህ ወራት የሚጨምረው ክብደት ከ0.5 እስከ 2 ኪሎ ግራም ገደማ ነው፣ በትውከት ትንሽ ብትቀንሺም ያጋጥማል። ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመን፣ እንቁላል፣ የበሰለ ሥጋና ዓሣ አዘውትሪ። ሎሚ ወይም ብርቱካን ከምግቡ ጋር ሲሆን ብረቱ ይበልጥ ይዋጣል። አዮዲን ያለውን ጨው ወጡ ሊወርድ ሲል ጨምሪ፤ ብዙ ሲፈላ አዮዲኑ ይተናል።

ተዪያቸው፦

- ጥሬ ሥጋ፣ ለብለብ ክትፎ፣ ዱለት። ዱለት ውስጥ ያለው ጉበት በተጨማሪ ቫይታሚን ኤ በጣም ስለሚበዛበት በብዛት ሲበላ ፅንሱን ይጎዳል።
- አሞራ ገደል ላይ በአዋዜ የሚበላው ጥሬ ዓሣ። በደንብ የተጠበሰ ቆሮሶና የፈላ የዓሣ ሾርባ ግን ጥሩ ምግብ ናቸው።
- ያልፈላ ወተትና ከእሱ የተሠራ እርጎ። ወተቱን አፍይው።
- በንጹሕ ውኃ በደንብ ያልታጠበ ሰላጣ።
- ጠላ፣ ጠጅ፣ ቢራ፣ አረቄ፤ «ትንሽ አይጎዳም» የሚባል መጠን የለም። ጫት፣ ሲጋራና ሺሻም እንዲሁ።

ቡና አልተከለከለም። አቦሉን አንድ ሲኒ፣ ቢበዛ ሁለት ጠጪና ቶናና በረካውን ለሌላው ተዪለት። ከምግብና ከብረት ኪኒን ግን ቢያንስ አንድ ሰዓት አርቂው፤ ቡናም ሻይም ብረቱን አስረው ያስቀሩታል።

ጾም ላይ ከሆንሽ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ ሆድ መቆየት ማቅለሽለሹን ያብሳል። የንስሐ አባትሽን አማክሪ፤ ሙስሊም ከሆንሽም ረመዳን ላይ ነፍሰ ጡር ለራሷ ወይም ለፅንሱ ከሰጋች ጾሙን አቆይታ በኋላ ማካካስ ትችላለች።

9. መድኃኒት

ለራስ ምታትና ለትኩሳት ፓራሲታሞል ይቻላል። አይቡፕሮፌን፣ ዲክሎፌናክ፣ ዶክሲሳይክሊን፣ ቴትራሳይክሊንና የብጉር ኪኒን (አይሶትሬቲኖይን) አትውሰጂ። ፋርማሲ ስትገቢ የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገርሽ «ነፍሰ ጡር ነኝ» ይሁን፤ ራጅ ክፍልም እንዲሁ።

የሚጥል በሽታ፣ የቲቢ፣ የኤችአይቪ፣ የአስም፣ የእንቅርት ወይም የግፊት መድኃኒት ላይ ያለሽ በራስሽ አታቋርጪ። መቀየር ያለበት ካለ ሐኪሙ ይቀይረዋል፤ በድንገት ማቆም ከመድኃኒቱ የባሰ ጉዳት ሊያመጣ ይችላል። ኮሶ፣ እንቆቆ፣ መተሬ፣ ተቀቅሎ በብዛት የሚጠጣ ጤና አዳም ይቅሩብሽ።

ሀዋሳ ወባ አለ፤ ሐይቁ ዳር ምሽት ላይ ስትቀመጪ እጅጌ ረጅም ልብስ ልበሺ፣ ሌሊት አጎበር ውስጥ ተኚ። ትኩሳት ከያዘሽ የዚያኑ ቀን ደም ተመርመሪ። ፕሪማኩዊን ለነፍሰ ጡር ስለማይሰጥ እርግዝናሽን ሳትናገሪ የወባ መድኃኒት አትቀበዪ።

10. ሥራ

ኢንዱስትሪ ፓርክ ወይም ሌላ ድርጅት የምትሠሪ ከሆነ የእርግዝና ማረጋገጫ ወረቀት ከጤና ተቋሙ ተቀብለሽ ለሰው ኃይል ክፍል ስጪ፤ ቅጂውን አንቺ ጋ አስቀሪ። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት እንድትሠራ ወይም ትርፍ ሰዓት እንድትሠራ አትመደብም፤ ለእርግዝና ምርመራም ከደመወዝ ጋር ፈቃድ ይሰጣታል። ቀጣሪው የምርመራ ማስረጃ ሊጠይቅ ስለሚችል ካርዱን ማሕተም ሳታስደርጊ አትውጪ። ቆመሽ የምትውይ ከሆነ በየሰዓቱ ትንሽ ተቀመጪ፤ ማዞሩ ይቀንሳል።

ዛሬውኑ መሄድ ያለብሽ መቼ ነው?

- በአንድ ሰዓት ውስጥ ሞዴስ የሚያርስ ወይም የረጋ ደም ከፈሰሰ
- የታችኛው ሆድ በተለይ በአንድ ወገን አጥብቆ ካመመ፣ ትከሻ ጫፍ ላይ ካመመ ወይም ራስሽን ከሳትሽ። ይህ ከማህፀን ውጭ እርግዝና ሊሆን ይችላል፤ ደሙ ወደ ውስጥ ስለሚፈስ ከውጭ ጥቂት ብቻ ቢታይም ሕይወት ይቀጥፋል። ሌሊትም ቢሆን ጤና ጣቢያ ሳይሆን ሆስፒታል ነው።
- ውኃ እንኳ ለ24 ሰዓት አልረጋ ካለ፣ ወይም ሽንት ከጠቆረና ከቀነሰ
- ትኩሳቱ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ
- አንድ እግር ብቻ ካበጠና ካመመ

ጠብ ጠብ የምትል ጥቂት ደም በእነዚህ ወራት ከአራት ነፍሰ ጡሮች አንዷን ገደማ ያጋጥማታል፤ ከእነሱ ብዙዎቹ በሰላም ይወልዳሉ። ቢሆንም በዚያው ቀን ታዪ። አርኤች ኔጌቲቭ ከሆንሽ ይህንኑ አስቀድመሽ ተናገሪ፤ መርፌው ካስፈለገ በ72 ሰዓት ውስጥ ነው የሚሰጠው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፤ የጤና ጣቢያሽንም የአምቡላንስ ስልክ ካርድ ያወጣሽ ቀን ጠይቀሽ መዝግቢ።

ደጋግመን የምናያቸው ስህተቶች

- «ቡዳ ይበላኛል፣ ሰው ይሰማል» ብሎ ክትትሉን እስከ አምስተኛው ወር ማቆየት። ለጎረቤት ላለመንገር መብትሽ ነው፤ ለአዋላጅ ንገሪ።
- ስትሪፑ ፖዘቲቭ ስላለ ብቻ ሁሉ ደህና ነው ማለት። ስትሪፕ እርግዝናው የት እንደተቀመጠ አያውቅም።
- ማቅለሽለሹ በድንገት ሲጠፋ ወይም ጭራሽ ሳይመጣ ሲቀር መደንገጥ። ብቻውን የችግር ምልክት አይደለም።
- ፅንስ ሲቋረጥ ባጃጅ ስለነቀነቀኝ፣ ጀሪካን ስላነሳሁ፣ ያማረኝን ስላልበላሁ ነው ማለት። በእነዚህ ሳምንታት ከሚቋረጡት አብዛኞቹ ፅንሱ ሲፈጠር ጀምሮ ባለ የክሮሞዞም ጉድለት የሚቋረጡ ናቸው።
- ደምና ሽንት ሰጥቶ ውጤቱን ሳይቀበሉ መሄድ። ውጤቱ ካርዱ ላይ ካልተጻፈ በሚቀጥለው ቀጠሮ ምርመራው እንደገና ሊታዘዝብሽ ይችላል።
- ካርዱን ቤት አስቀምጦ መንቀሳቀስ። ለዘመድ ጥየቃ ወደ ይርጋለምም ሆነ ወደ ሻሸመኔ ስትሄጂ ቦርሳሽ ውስጥ ይሁን፤ እዚያ ሕመም ቢነሳብሽ የደም ዓይነትሽንና ሳምንትሽን ሐኪሙ የሚያገኘው ከእሱ ላይ ነው።